ሁለት ካውንቲ የሚጋሩት አደገኛ መንገድ፦ ገንዘቡ የት ነው፣ ማንስ ያስይዘዋል?

ጥያቄው ባጭሩ፦ «የምንኖረው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ላንግሊ ፓርክ አጠገብ፣ ኒው ሃምፕሻየር አቬኑ ላይ ነው። ከአውቶቡስ የሚወርድ ሰው ስድስት ሌን አቋርጦ ነው ቤቱ የሚገባው፤ መብራት ያለው ማቋረጫ ሩቅ ነው። ለሞንትጎመሪ ካውንቲ ስንጽፍ ‹መንገዱ የስቴት ነው› አሉን። ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ‹ያኛው ወገን የታኮማ ፓርክ ነው› አለ። ስቴቱ ደግሞ ‹በእቅድ አልተያዘም› አለን። ጎረቤት መንግሥታት ተስማምተው ለአንድ መንገድ ገንዘብ የሚያወጡበት አሠራር አለ ወይ? እኛስ ምን እናድርግ?»

ምላሽ

ሦስቱም መሥሪያ ቤቶች የነገሯችሁ እውነት ነው። ክፉው ነገር ሦስቱ እውነቶች ተደምረው ማንንም ተጠያቂ አለማድረጋቸው ነው። አብሮ የማቀጃ አሠራር ግን አለ፤ የፌዴራል ሕግም ያስገድዳል። ሆኖም ገንዘብ ቀድሞ የሚደርሰው ወረቀቱ ላለቀለት መንገድ ነው፦ ባለቤቱ ለታወቀ፣ ጥናቱ ለተሠራ፣ ዲዛይኑ ለተጀመረ፣ የአካባቢው መዋጮ ለተመደበ፣ ሥራው ሲያልቅ የመብራቱን ቆጣሪ ማን እንደሚከፍል ለተጻፈለት። ድንበር ላይ ያለ መንገድ ወደ ኋላ የሚቀረው እነዚህን ሁሉ ብቻውን የሚያሟላ መሥሪያ ቤት ስለሌለው ነው። ስለዚህ ወረቀቱ በምን ቅደም ተከተል እንደሚሟላ ልጻፍላችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ መንገዱ የማን እንደሆነ በጽሑፍ ይያዝ። ኒው ሃምፕሻየር አቬኑ በቁጥሩ ሜሪላንድ 650 ነው፤ እዚያው የሚያቋርጠው ዩኒቨርሲቲ ቡሌቫርድ ሜሪላንድ 193 ነው። ሁለቱም የሜሪላንድ ስቴት ሀይዌይ አስተዳደር መንገዶች ናቸው። የሌኑ ስፋት፣ የፍጥነት ወሰኑ፣ የትራፊክ መብራቱ የስቴቱ ውሳኔ ነው፤ ካውንቲው ገንዘብ ይዞ ቢቀርብ እንኳ ያለ ስቴቱ ፈቃድ አንድ ምሰሶ አይተክልም። የአውቶቡስ ፌርማታ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ሜትሮ ባስ የዋማታ (የክልሉ የሜትሮ ድርጅት) ነው፣ ራይድ ኦን የሞንትጎመሪ፣ ዘባስ የፕሪንስ ጆርጅስ። የፌርማታ ቦታ ለማስቀየር የሚጠየቀው አውቶቡሱን የሚያሠማራው መሥሪያ ቤት ነው።

ለእናንተ የሚጠቅም፣ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የስቴቱ ሀይዌይ አስተዳደር ሥራውን በዲስትሪክት ከፋፍሎ ነው የሚመራው፤ ሞንትጎመሪም ፕሪንስ ጆርጅስም ያሉት በአንዱ በዲስትሪክት 3 ሥር ነው፣ ቢሮውም ግሪንቤልት ነው። የካውንቲው ድንበር ለዚህ ቢሮ ግድግዳ አይሆንበትም። የመጀመሪያው ደብዳቤ መሄድ ያለበት ወደ ዲስትሪክቱ ኢንጂነር ሲሆን ግልባጩ ለሁለቱ ካውንቲዎችና ለታኮማ ፓርክ ከተማ ይድረስ። ታኮማ ፓርክ ራሷ እስከ 1997 ሁለቱ ካውንቲዎች ላይ ተዘርግታ የነበረች ከተማ ናት፤ በዚያ ዓመት ጁላይ 1 ሙሉ በሙሉ ወደ ሞንትጎመሪ ተጠቃላለች። ላንግሊ ፓርክ ደግሞ ከንቲባም የከተማ ምክር ቤትም የለውም፤ የቅርብ መንግሥቱ ካውንቲው ነው። አንደኛው ወገን ከተማና ካውንቲ ሲኖረው ሌላኛው ካውንቲ ብቻ አለው ማለት ነው። ለዚህ ነው ላንግሊ ፓርክ በኩል ያላችሁ ነዋሪዎች የካውንቲ ምክር ቤት አባላችሁን በቀጥታ መያዝ ያለባችሁ፤ ከእርሳቸው በታች የሚናገርላችሁ የተመረጠ ሰው የለም።

ቨርጂኒያ ያላችሁ አንባቢዎች ይህን እንዳለ አትውሰዱት። እዚያ የአብዛኞቹ ካውንቲዎች መንገድ፣ የሰፈር ውስጡ ሳይቀር፣ የስቴቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የቪዶት ነው፤ ፌርፋክስም እንዲሁ። አርሊንግተን ግን የራሱን መንገዶች ራሱ ይይዛል፤ አሌክሳንድሪያም ራሷን የቻለች ከተማ ስለሆነች እንደዚያው። በዚህ ምክንያት ኮሎምቢያ ፓይክ አርሊንግተን ውስጥ ከ2010 ጀምሮ የካውንቲው ሲሆን፣ ወደ ቤይሊስ ክሮስሮድስ ተሻግሮ ፌርፋክስ ሲገባ የቪዶት ነው። ዲሲ ውስጥ የዲሲው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት፣ ዲዶት፣ የከተማም የስቴትም ሥራ ይሠራል፤ አንዳንድ ትላልቅ መንገዶች ግን፣ እንደ ሮክ ክሪክ ፓርክዌይ ያሉት፣ የፌዴራሉ ፓርክ አገልግሎት ናቸው።

የጋራው ጠረጴዛ

ከ1962 ጀምሮ የፌዴራል ሕግ ከ50,000 በላይ ሕዝብ ያለው የከተማ አካባቢ የመንገድ ገንዘብ ለማግኘት ስቴቱና የአካባቢ መንግሥታቱ አብረው እንዲያቅዱ ያዛል። ይህን የሚያስተባብረው አካል በሙያው ኤምፒኦ ይባላል። የዋሽንግተን አካባቢው ኤምፒኦ በ1965 የተቋቋመው የብሔራዊ መዲና ክልል የትራንስፖርት እቅድ ቦርድ፣ በአጭሩ ቲፒቢ ነው። ዲሲ፣ ሁለቱ ስቴቶች፣ ዋማታ፣ ሞንትጎመሪና ፕሪንስ ጆርጅስ፣ ፌርፋክስና አርሊንግተን፣ አሌክሳንድሪያና ታኮማ ፓርክ፣ ሌሎችም በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡበታል። በጥያቄያችሁ የተጠቀሱት ሁሉም እዚያ ወንበር አላቸው።

ቦርዱ ከሚያወጣቸው ሰነዶች ሁለቱን ማወቅ ያስፈልጋችኋል። አንደኛው ቢያንስ 20 ዓመት ወደፊት የሚያይ የረጅም ጊዜ እቅድ ነው። ሁለተኛው ቲፕ የሚባለው፣ ቢያንስ የአራት ዓመት ፕሮጀክቶችን ከነገንዘባቸው የሚዘረዝር መርሐ ግብር ነው። ሕጉ አጭር ነው፦ ቲፕ ውስጥ የሌለ ፕሮጀክት የፌዴራል የመንገድና የትራንዚት ገንዘብ አይነካም፤ ምንጩ ያልታወቀ ገንዘብም ቲፕ ውስጥ አይጻፍም። ስቴቱ «በእቅድ አልተያዘም» ሲላችሁ ብዙውን ጊዜ ይህንና የራሱን የስድስት ዓመት መርሐ ግብር ማለቱ ነው። ደግነቱ እንደ እናንተ ያለው ትንሽ የደኅንነት ሥራ ከትልቅ የመንገድ ማስፋፊያ ይልቅ ይቀለዋል። የእግረኛ ማቋረጫ፣ የመንገድ መብራት፣ የመስቀለኛ መንገድ ማሻሻያ ትልልቅ ፕሮጀክቶች ከሚያልፉበት የአየር ብክለት ስሌት ነፃ ናቸው። ትናንሽ የደኅንነት ሥራዎች በቲፕ ውስጥ በአንድ የጋራ መስመር ተጠቃለው ሊገቡም ይችላሉ። «ለቲፕ ማሻሻያ ዓመት መጠበቅ አለባችሁ» የሚላችሁ ካለ «በጋራው የደኅንነት መስመር መግባት አይችልም ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት።

የቦርዱን አቅም ግን አታጋኑት። በአንዳንድ የአሜሪካ ክልሎች ኤምፒኦው ብዙ የፌዴራል ገንዘብ በራሱ ውሳኔ ያከፋፍላል። እዚህ ግን ትልቁን ገንዘብ የሚመድቡት ስቴቶቹና ዲሲ ናቸው፤ ቲፒቢ ራሱ የሚመርጣቸው ጥቂት ፕሮግራሞች ብቻ ናቸው። ቦርዱ በየዓመቱ የደኅንነት ግብ ያወጣል፤ የሞት ቁጥር፣ የከባድ ጉዳት ቁጥር፣ ሁለቱ ከተነዳው ማይል ጋር ያላቸው ንጽጽር፣ የእግረኞችና የብስክሌተኞች ሞትና ከባድ ጉዳት፣ ሁሉም በአምስት ዓመት አማካይ። ግቡ ባይሳካ ቦርዱን የሚያስቀጣው ነገር የለም። ስቴት ግን ከአምስቱ መለኪያዎች ቢያንስ በአራቱ ካልተሻሻለ የደኅንነት ገንዘቡን ወደ ሌላ ሥራ ማዞር ይከለከላል፣ የማስተካከያ እቅድም ማቅረብ አለበት። ስለዚህ ክርክራችሁን ከግቡ ጋር ስታያይዙ ለስቴቱ ነው የምትናገሩት።

ገንዘቡ

አምስት በሮች አሉ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አታንኳኩ፤ ቅደም ተከተላቸው ነው ዋናው።

በትንሹ ይጀመር። ቲፒቢ በ2020 ያቋቋመው የክልል የመንገድ ደኅንነት ፕሮግራም አለው፤ ከእርሱ በፊት የጀመረ፣ ትራንስፖርትንና የመሬት አጠቃቀምን የሚያያይዝ ቲኤልሲ የሚባልም አለ። ሁለቱም ጥሬ ገንዘብ አይሰጡም፤ ቦርዱ የሚከፍለው ኮንሰልታንት መጥቶ ጥናቱን ወይም የመጀመሪያ ደረጃ ዲዛይኑን ይሠራል። አመልካቹ አባል መንግሥት እንጂ ነዋሪ አይደለም፤ ጎረቤታሞች በጋራ ሊያመለክቱም ይችላሉ። ለእናንተ ዓይነት መንገድ ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ የለም፤ ምክንያቱም ገለልተኛ ሰው የሠራው አንድ ጥናት ለሁለቱም ካውንቲ እኩል ይሆናል። ሁለት ካውንቲ የየራሱን ጥናት ሲያሠራ የማቋረጫው ቦታ እንኳ ሳይገጥም ቀርቶ ሁሉም ከዜሮ ይጀመራል።

ሁለተኛው የስቴቱ ስድስት ዓመት መርሐ ግብር፣ ሲቲፒ የሚባለው ነው። ብዙ የነዋሪ ጥያቄ የሚጠፋው እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝረው። እያንዳንዱ ካውንቲ ለስቴቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የቅድሚያ ደብዳቤ ይልካል፤ በደብዳቤው የሚፈልጋቸውን ፕሮጀክቶች በደረጃ ያስቀምጣል። ረቂቁ ሲቲፒ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ይወጣል፤ በመጸው (በፎል) የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች በየካውንቲው ዞረው ያቀርባሉ፣ ስብሰባውም ለሕዝብ ክፍት ነው፤ የመጨረሻው ቅጂ በጃንዋሪ ለስቴቱ ሕግ አውጪ ይቀርባል። ድንበር ላይ የሚፈጠረው ስህተት ሁልጊዜ አንድ ነው፦ አንዱ ካውንቲ «የኒው ሃምፕሻየር አቬኑ ኮሪደር» ብሎ በአራተኛ ደረጃ፣ ሌላው «የላንግሊ ፓርክ የእግረኛ ማሻሻያ» ብሎ በዘጠነኛ ደረጃ ይጽፈዋል። ስቴቱ የሚያየው ሁለት የማይገናኙ ትናንሽ ጥያቄዎችን ነው። ሁለቱ ደብዳቤዎች ያንኑ ስም፣ ያንኑ የመንገድ ቁጥር፣ ያንኑ መነሻና መድረሻ መስቀለኛ መንገድ ቃል በቃል መያዝ አለባቸው። ይህን ማስማማት አንድ ሳንቲም አይጠይቅም፤ ሁለት የምክር ቤት ረዳቶች አንድ ገጽ ላይ ከተስማሙ ያልቃል።

ሦስተኛው የፌዴራል የደኅንነት ማሻሻያ ፕሮግራም፣ ኤችሲፕ ነው። 90 በመቶው የፌዴራል፣ 10 በመቶው የስቴት ወይም የአካባቢ ነው፤ የሚያስተዳድረው ስቴቱ ነው። በ2021 የወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ እዚህ ላይ ጠቃሚ አንቀጽ ጨምሯል፦ በአንድ ስቴት ከሚሞቱት ውስጥ እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና መሰሎቻቸው 15 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ ስቴቱ ከዚህ ገንዘብ ቢያንስ 15 በመቶውን ለእነርሱ ደኅንነት ማዋል አለበት። ለዲስትሪክቱ ስትጽፉ ይህን ድርሻ በስም ጠቅሳችሁ ጠይቁ። አራተኛው ትራንስፖርቴሽን ኦልተርኔቲቭስ የሚባለው፣ 80 በ20 የሚከፈለው፣ ለእግረኛ መንገድና ለብስክሌት መንገድ የሚውለው ነው። ለዚህ አካባቢ ከሚመደበው ድርሻ ፕሮጀክቶቹን የሚመርጠው ቲፒቢ ከስቴቱ ጋር ሆኖ ነው።

አምስተኛው ሰዎች ቀድመው የሚሮጡበት፣ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ኤስኤስ4ኤ የሚባለው ነው። ከ2022 እስከ 2026 በአምስት ዓመት 5 ቢሊዮን ዶላር ተይዞለታል። አመልካቾቹ ካውንቲዎች፣ ከተሞች፣ ኤምፒኦዎችና የትራንዚት መሥሪያ ቤቶች ናቸው፤ ስቴት ማመልከት አይችልም። መንገዱ የስቴት ሲሆን ቋጠሮው እዚህ ነው፦ ካውንቲው ያመለክታል፣ ስቴቱ ግን በመንገዱ ላይ እንዲሠራ መፍቀዱን በደብዳቤ ማረጋገጥ አለበት። ለግንባታ ገንዘብ ባለፉት አምስት ዓመታት የወጣ ወይም የታደሰ የደኅንነት የድርጊት መርሐ ግብር ይጠየቃል። ሞንትጎመሪም ፕሪንስ ጆርጅስም ቪዥን ዜሮን፣ ማለትም የመንገድ ሞትን ወደ ዜሮ የማውረድን ግብ፣ ተቀብለዋል፤ ማጣራት ያለባችሁ የእቅዳቸው ቀን አለማለፉንና መንገዳችሁ በሁለቱም ካርታ ላይ መኖሩን ነው። የፕሮግራሙ ዕድሜ በሕጉ የተወሰነ ስለሆነ ወረቀቱን ለእርሱ ብቻ አታዘጋጁት። ለዲስትሪክት 3 የሚሆነው ጥናት ለሌሎቹም በሮች እንዲሆን አድርጋችሁ አሠሩት።

በፖቶማክ ማዶ አንድ ተጨማሪ በር አለ። የሰሜን ቨርጂኒያ የትራንስፖርት ባለሥልጣን ዘጠኝ ካውንቲዎችና ከተሞች የሚጋሩት ገንዘብ አለው፤ 70 በመቶው ለክልል ፕሮጀክት ይውላል፣ 30 በመቶው ለየአባላቱ ይከፋፈላል። ነገር ግን የ70 በመቶው መመዘኛ በሕግ ለትራፊክ መጨናነቅ ማቃለያ ቅድሚያ ይሰጣል። አንድ ማቋረጫ እዚያ ከመንገድ ማስፋፊያ ጋር ተወዳድሮ አያሸንፍም። ትክክለኛ ቦታው የ30 በመቶው የአካባቢ ድርሻ ነው። ሜሪላንድ ወገን እንዲህ ያለ የጋራ የገንዘብ ቋት ስለሌለ ስምምነቱን በፕሮጀክት በፕሮጀክት መገንባት ግድ ነው።

መዋጮው የሚያጣላበት ቦታ

ለምሳሌ ያህል የማቋረጫ መብራት፣ የመሃል መጠለያ (እግረኛ መንገዱ መሃል የሚቆምበት) እና የመንገድ መብራት በጠቅላላ 1,200,000 ዶላር ተገመተ እንበል። በ80 በ20 ስሌት ፌዴራሉ 960,000 ይሰጣል፣ የአካባቢው መዋጮ 240,000 ነው። ሁለቱ ካውንቲዎች 100,000፣ 100,000 ከተማዋም 40,000 ብትል ሁሉም ደስ ብሎት ይፈርማል። ከሁለት ዓመት በኋላ ጨረታው 1,500,000 ይዞ ይመጣል። ግራንቱ የተወሰነ መጠን ስለሆነ አብሮ አያድግም፤ የጨመረው 300,000 በሙሉ በአካባቢው ላይ ይወድቃል፣ መዋጮውም ከ240,000 ወደ 540,000 ይዘላል። በስምምነቱ ጭማሪውን ማን በምን ድርሻ እንደሚሸከም ካልተጻፈ ፕሮጀክቱ የሚቆመው እዚያ ላይ ነው። ብዙ የጋራ ፕሮጀክት የሚሞተው እንዲህ ነው፤ የሚያሳዝነው ደግሞ አንድ አንቀጽ ቀድሞ ቢጻፍ የሚድን መሆኑ ነው።

ሁለት ሕጎችን ደግሞ አስታውሱ። የፌዴራል ግራንት በአብዛኛው ተመላሽ ክፍያ ነው፦ መንግሥቱ ቀድሞ ይከፍላል፣ ደረሰኝ አቅርቦ ይመለስለታል። የግራንት ውሉ ከመፈረሙ በፊት የወጣ ወጪ ደግሞ በአብዛኛው አይመለስም። ስለዚህ መሪ አመልካች መሆን ያለበት ጥሬ ገንዘብ የመያዝ አቅም ያለው ካውንቲ ነው፤ ትንሽ ከተማ በቅን ልቦና መሪ ሆና ስትወጣ በሂሳብ ትታነቃለች። መዋጮውም ከሌላ የፌዴራል ግራንት ሊመጣ አይችልም፣ ሕግ በግልጽ ካልፈቀደ በቀር።

የመግባቢያ ሰነዱ ረጅም መሆን የለበትም፤ ሦስትና አራት ገጽ ይበቃል። መሪው ማን ነው፣ መዋጮው በምን ቀመር ይከፈላል፣ ጭማሪስ? ቀመሩ በመንገድ ርዝመት፣ በሕዝብ ቁጥር ወይም በአደጋ ቁጥር ሊሆን ይችላል። እኔ የምመርጠው ከሦስቱ ቀላሉን፣ የመንገድ ርዝመትን ነው፤ የአደጋ ቁጥር ቀመር ጉዳት የበዛበትን ድሃ ሰፈር የበለጠ ያስከፍላል። ከዚያ ደግሞ ማንም የማያስታውሰው ጥገና አለ፦ የመብራት ቆጣሪው፣ ቀለሙን በየጊዜው ማደስ፣ በክረምት የመሃል መጠለያውንና የዊልቸር መውጫውን በረዶ መጥረግ። የበረዶ ማረሻ መንገዱን ጠርጎ በረዶውን መጠለያው ላይ ሲከምረው፣ ዊልቸር ወይም የሕፃን ጋሪ የሚገፋ ሰው ተመልሶ ወደ አስፋልቱ ይወርዳል። ማን እንደሚጠርግ ስሙ ይጻፍ።

ምን ይጠየቅ?

«ዜብራ ቀቡልን» አትበሉ። ብዙ ሌን ባለው፣ መኪና በሚበዛበት መንገድ ላይ ቀለም ብቻውን አይጠብቅም። የመጀመሪያው ሌን ላይ ያለው ሾፌር ይቆምላችኋል፣ መኪናው ግን እናንተን ከሁለተኛው ሌን ሾፌር ይጋርዳል። የፌዴራሉ የትራፊክ ምልክቶች መመሪያም ፍጥነቱ ከ40 ማይል በላይ ሆኖ አራትና ከዚያ በላይ ሌን ባለው፣ አካፋይ በሌለው፣ በቀን 12,000 መኪና በሚያልፍበት መንገድ (አካፋይ ካለው 15,000) ሌላ መከላከያ የሌለው አዲስ ቀለም ብቻ እንዳይቀባ ይመክራል።

ለስድስት ሌን የሚሆነው ሙሉ የትራፊክ መብራት፣ ወይም ሃውክ የሚባለው እግረኛ ሲጫነው ቀይ የሚበራው መብራት፣ ከመሃል መጠለያ ጋር ነው። የፌዴራል ሀይዌይ አስተዳደር በሚያወጣው አኃዝ ሃውክ የእግረኛ አደጋን በ55 በመቶ፣ የመሃል መጠለያ በ56 በመቶ ይቀንሳል። መጠለያው ለምን እንደሚያስፈልግ በሂሳብ እዩት። መንገዱ 90 ጫማ ቢሰፋ፣ መብራት የሚሰላበት የእግር ፍጥነት በሴኮንድ 3.5 ጫማ ስለሆነ ማቋረጥ 26 ሴኮንድ ይፈጃል። በሴኮንድ 2.5 ጫማ የሚራመዱ አዛውንት ግን 36 ሴኮንድ ይፈልጋሉ። መሃል ላይ መቆሚያ ካለ መንገዱ ለሁለት ይከፈልላቸዋል።

የሃውክ ጥያቄ የሚወድቅበት ዋና ምክንያት ቆጠራ ነው። መመሪያው ዝቅተኛ መነሻ ያደረገው በሰዓት 20 እግረኛ ነው። ቆጣሪው ማክሰኞ ጠዋት መጥቶ አንድ ነጥብ ላይ ቆሞ ከቆጠረ ቁጥሩ ላይሞላ ይችላል፤ ሰው የሚያቋርጠው ተበታትኖ ነው፣ የፈራ ደግሞ ጭራሹን አያቋርጥም። ቆጠራው በሁለቱ መብራቶች መካከል ያለውን ርቀት በሙሉ እንዲይዝ፣ የምሽት የሥራ መውጫ ሰዓትንና ቅዳሜ እሑድን እንዲጨምር በጽሑፍ ጠይቁ።

ፍጥነቱም ይነሳ። በአሜሪካ በተሠራ ጥናት መሠረት እግረኛ በ23 ማይል ፍጥነት ሲገጭ የመሞት ዕድሉ በአማካይ 10 በመቶ፣ በ32 ማይል 25፣ በ42 ማይል 50 በመቶ ነው። ፍጥነት ካሜራ ይረዳል፣ ግን የክልሉ ድንበር እዚህም ያስቸግራል። ዲሲ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ታርጋ ላይ የጣለችውን የካሜራ ቅጣት ለማስከፈል ለረጅም ጊዜ ተቸግራለች፤ በ2024 የወጣው ሕግ ነው ጠቅላይ አቃቤ ሕጓ ከዲሲ ውጭ ያሉ ሾፌሮችን እንዲከስስ በር የከፈተው።

ከሁሉም ርካሹ ማሻሻያ ደግሞ ፌርማታውን ማንቀሳቀስ ነው። ፌርማታው መብራት ካለው ማቋረጫ አልፎ ከተቀመጠ ተሳፋሪው ከአውቶቡሱ ጀርባ ይሻገራል፤ ከመብራቱ በፊት ከሆነ ከአውቶቡሱ ፊት ለፊት ተጋርዶ ይወጣል። ይህ ግራንት አይፈልግም። ከመጠየቃችሁ በፊት ግን የፐርፕል ላይን ባቡር በዩኒቨርሲቲ ቡሌቫርድ ላይ የሚሠራው ነገር የት እንደሚያበቃ ካርታውን አውጡ። ዛሬ የተተከለ ምሰሶ ነገ የሚነቀልበት ቦታ ላይ ገንዘብ እንዳይፈስ፣ ባቡሩ የሚያመጣው ማቋረጫም ሁለተኛ ጊዜ እንዳይጠየቅ።

የአደጋ መረጃው

ድንበር ላይ መረጃ ለሁለት ይከፈላል። አንዱን አደጋ የሞንትጎመሪ ፖሊስ፣ ሌላውን የፕሪንስ ጆርጅስ፣ ሌላውን የታኮማ ፓርክ ፖሊስ ይመዘግበዋል፤ እያንዳንዱ ካውንቲ የአደጋ ካርታ ሲሠራ የራሱን ወገን ብቻ ይቆጥራል። በአንድ በኩል አራት፣ በሌላ በኩል አምስት ከባድ አደጋ ቢኖር በሁለቱም ካርታ መንገዱ መካከለኛ ሆኖ ይታያል፤ ዘጠኙ ቢደመሩ ግን የመጀመሪያው መስመር ላይ ይወጣ ነበር። የስቴቱ የአደጋ መረጃ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ የአምስት ዓመቱን አውርዳችሁ በሁለቱም ወገን ደምሩት። አንድ ዓመት ብቻ አትውሰዱ፤ ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን ከዓመት ዓመት በአጋጣሚ ይዋዥቃል፣ በሚቀጥለው ዓመት ሲቀንስ ደግሞ «ተሻሽሏል» ትባላላችሁ። የካውንቲ ጠበቆች «አደገኛ ቦታ ብለን ከዘረዘርን በፍርድ ቤት ይጠቀሙብናል» ብለው ሲፈሩ ይሰማል። ለፌዴራል የደኅንነት እቅድ ተብሎ የተሰበሰበ ጥናትና ዝርዝር በካሣ ክስ ላይ በማስረጃነት እንዳይቀርብ የፌዴራል ሕግ ይከለክላል፤ ይህን ለሚፈሩት ንገሯቸው።

ከዚህ በኋላ የእናንተ ሥራ የቀን መቁጠሪያ ሥራ ነው። ቲፒቢ ብዙውን ጊዜ በወሩ ሦስተኛ ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ይሰበሰባል፤ የሕዝብ አስተያየት ይቀበላል። የካውንቲዎቹ የቅድሚያ ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት፣ ማለትም በብርዱ ወራት (በዊንተር)፣ ሁለቱን የምክር ቤት አባላት አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጡ። በመጸዉ የስቴቱ ጉብኝት ላይ ከሁለቱም ካውንቲ ሰው ተገኝቶ ያንኑ አንድ ገጽ ያንብብ። እንግሊዝኛ የሚያስቸግራቸው አረጋውያን ካሉ አማርኛ አስተርጓሚ ከስብሰባው ቀደም ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ዲሲ ውስጥ የ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አለ፣ አማርኛም ሰነድ ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ሜሪላንድ ውስጥም ጠይቁ እንጂ አትተዉት።

የመጀመሪያው ደብዳቤ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የመንገዱ ቁጥር፣ መነሻና መድረሻ መስቀለኛ መንገድ፣ በሁለቱም ወገን የአምስት ዓመት የሞትና የከባድ ጉዳት ድምር፣ በሁለቱ መብራቶች መካከል ያለው ርቀት በጫማ፣ የፌርማታዎቹ መለያ ቁጥር፤ ከዚያ ሁለት ጥያቄ ብቻ። አንደኛ፣ ዲስትሪክት 3 የእግረኛ ቆጠራና የመብራት ጥናት መቼ ይጀምራል? ሁለተኛ፣ ሁለቱ ካውንቲዎችና ታኮማ ፓርክ በሚቀጥለው ዙር ለቲፒቢ የደኅንነት ፕሮግራም በጋራ ያመለክታሉ ወይ? ካመለከቱስ መሪው ማን ነው? መልስ የሚጠበቅበትን ቀን ጻፉበት፣ አራቱንም ተቀባዮች በአንድ ደብዳቤ ላይ በስማቸው ዘርዝሩ። መልስ ካልመጣ በሜሪላንድ የሕዝብ መረጃ ሕግ መሠረት በዚያ መንገድ ላይ የተሠሩ የቀድሞ የትራፊክ ጥናቶችን ጠይቁ። መደርደሪያ ላይ የቀረ አሮጌ ጥናት ከተገኘ ከዜሮ ከመጀመር ያድናችኋል።